ሌ ማን ያሸነፈውና እርስዎ የሚገዙት፦ 911 ጂቲ3፣ ኮርቬት ዜድ06፣ ፌራሪ 296 ጂቲቢ ወይስ ሱፕራ?

ባለፈው ሰሞን አንድ ወዳጄ ከመኪና መሸጫ ውስጥ ሆኖ ደወለልኝ። «እኔ እምልህ፣ እዚህ ግድግዳው ላይ የውድድር መኪና ሰቅለዋል። ሻጩ የሌ ማንን ውድድር 19 ጊዜ ያሸነፍነው እኛ ነን ይለኛል። እውነቱን ነው?»

«እውነቱን ነው።»

«እንግዲያው ልፈርም?»

ፎቶ አንስተህ ላክልኝ አልኩት። ግድግዳው ላይ ያለው ፖርሼ 963 ነው። ከሥሩ የቆመው፣ እሱ በሩን እየከፈተ የሚዘጋው ደግሞ 911 ጂቲ3። የ963 ሞተር ባለ ስምንት ሲሊንደርና ባለ ሁለት ቱርቦ ነው። ሻንሲውን የሠራለት ማልቲማቲክ የተባለ የካናዳ ኩባንያ ሲሆን፣ የኤሌክትሪክ ክፍሉም ተፎካካሪዎቹ ካዲላክና ቢኤምደብሊው ከሚጠቀሙበት ጋር አንድ ዓይነት ነው። ጂቲ3 ግን ስድስት ሲሊንደር ነው፣ ቱርቦ የሚባል ነገር የለውም፣ ሞተሩም ከኋላ ጎማው ወዲያ ነው የተቀመጠው። ሁለቱን መኪኖች በዋናነት የሚያዛምዳቸው አፍንጫቸው ላይ ያለው አርማ ነው።

«ለዛሬ አትፈርም፤ ማታ እናውራ» አልኩት። ማታ ያወራነው ነው እንግዲህ ይኼ፤ ሌላም ሰው ይጠቀምበት ብዬ ጻፍኩት። ዋጋዎቹ የአሜሪካ መነሻ ዋጋዎች ናቸው፤ ታክስና ሻጩ የሚቆልለው ጭማሪ የለበትም። ዓመታቱም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አገር ቤት ሆናችሁ የምታነቡ ከ2024 ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ለጨዋታ ያህል አንብቡት።

መጀመሪያ ስለ ውድድሩ ትንሽ። ሌ ማን ፈረንሳይ ውስጥ ከ1923 ጀምሮ የሚካሄድ የ24 ሰዓት ውድድር ነው፤ አንድ ዙሩ 13.626 ኪሎ ሜትር ነው። በ2025 ያሸነፈው መኪና 387 ጊዜ ዞሯል፤ ይህም ከ5,200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከአዲስ አበባ ጎንደር ሦስት ጊዜ ደርሶ መልስ ቢሄዱ እንኳ አይሞላም፤ ያውም በአንድ ቀንና በአንድ ሌሊት፣ ዝናብም ጨለማም ሳይል። ለኛ ጉዳይ የሚያስፈልጉን ሁለት ምድቦች ናቸው። ላይኛው ሃይፐርካር ይባላል፤ አብዛኞቹ መኪኖች ለውድድር ብቻ የተፈጠሩ ናቸው። ታችኛው ኤልኤምጂቲ3 ነው፤ መነሻው መንገድ ላይ የምናየው መኪና ነው። ቴሌቪዥኑም ዋንጫውም ያለው ላይኛው ጋ ነው። ገዢን የሚመለከተው ግን ታችኛው ነው።

ሻጭ የማይነግርዎ አንድ ነገርም አለ። በሁለቱም ምድቦች አዘጋጆቹ መኪኖቹ እንዲቀራረቡ እያዩ ለአንዱ ክብደት ይጨምራሉ፣ ለሌላው ጉልበት ይቀንሳሉ። ስለዚህ «አሸነፈ» ማለት «ከሌሎቹ ይፈጥናል» ማለት አይደለም። ድሉ የሚመሰክረው ሌላ ነገር ነው፦ ፍሬኑ፣ ካምቢዮውና ማቀዝቀዣው ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ ሲገረፍ አድሮ አልከዳም። እኔ በበኩሌ ከፍጥነቱ ይልቅ ይህንን ነው የምፈልገው።

ወደ መኪኖቹ ልግባ። ለእያንዳንዳቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ፦ ከውድድሩ ውስጥ የትኛው ብረት ነው እርስዎ ጋራዥ የሚደርሰው?

ለ911 ጂቲ3 መልሱን ጎንበስ ብለው ማየት ይችላሉ። የኋላ ክንፉን ይመልከቱ። የያዙት ሁለት ዘንጎች ከሥር አይደግፉትም፤ በላዩ ዞረው ከላይ አንጠልጥለውታል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ መኪናውን ወደ መሬት የሚጫነው በዋናነት በክንፉ ሥር የሚያልፈው አየር ነውና እዚያ ምንም እንቅፋት እንዳይኖር ነው። ይህ የመጣው ከውድድሩ 911 አርኤስአር ነው። ከፊት ጎማው ጀርባ ያለውን ማየት ይከብዳል፤ ዋናው ቁም ነገር ግን እዚያ ነው። የቀድሞው ጂቲ3 የፊት ጎማ እንደ አብዛኛው የቤት መኪና በአንድ የአሞርዛተር ምሰሶ ላይ ነበር የቆመው። የአሁኑ እንደ አርኤስአር ከላይና ከታች በሁለት ክንድ ተይዟል። መሪ ጠምዝዘው በኃይል ሲገቡ ጎማው ሳይጋደም መሬቱን እንደያዘ ይቆያል። 4.0 ሊትሩ ሞተር በደቂቃ እስከ 9,000 ዙር ይደርሳል፤ ከሞላ ጎደል ሳይነካ ጂቲ3 ካፕ የሚባለው የውድድር መኪና ውስጥ ይገባል፤ ሁለቱ መኪኖችም ሽቱትጋርት ዙፈንሃውዘን ውስጥ በአንድ መስመር ላይ ነው የሚገጣጠሙት። ማንታይ የሚባለው ቡድን በ2024ም በ2025ም ሌ ማን ላይ ኤልኤምጂቲ3ን ያሸነፈው በ911 ነው፤ ያው ማንታይ ለጎዳናው ጂቲ3 የሚገጠም ዕቃ ያዘጋጃል፣ ዕቃውም በፖርሼ ሻጮች በኩል ይሸጣል። ማስታወቂያውና ብረቱ ይህን ያህል ተቀራርበው አይቼ አላውቅም። ችግሩ ዋጋው ነው፦ ከ220 ሺህ ዶላር በላይ ይጀምራል፤ ያውም በዚያ ዋጋ የሚሰጥዎ ካገኙ። ፖርሼ በ2025 መጨረሻ ሌ ማንን ከሚያጠቃልለው የዓለም ሻምፒዮና ላይኛው ምድብ መውጣቱ ለጂቲ3 ገዢ ምንም ማለት አይደለም፤ የወጣው ግድግዳው ላይ ያለው መኪና ነው።

ኮርቬት ዜድ06 ይበልጥ የሚገርም ታሪክ አለው። የውድድሩ ኮርቬት ሲ8.አር በጥር 2020 አሜሪካ ውስጥ ዴይቶና ውድድር ላይ ሲወጣ፣ ውስጡ የነበረው 5.5 ሊትር ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ገበያ ላይ አልነበረም። ለጎዳና የተሠራው ዜድ06 የታየው በ2021 መገባደጃ ላይ ነው። እንግዲህ ደንበኛው የሚገዛው ሞተር ዘር አስቀድሞ ውድድር ላይ ነበር ማለት ነው። ደግሞ ጉዱን ስሙ፦ የውድድሩን መኪና ደንቡ ወደ 500 የፈረስ ጉልበት አውርዶታል፤ ሱቅ የሚሸጠው ግን 670 ነው! ሞተሩን ኬንታኪ ቦውሊንግ ግሪን ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይገጣጥመዋል፣ ስሙም ላዩ ላይ ይለጠፋል። ከ2001 እስከ 2023 ባለው ጊዜ ኮርቬት ሌ ማን ላይ በምድቡ ዘጠኝ ጊዜ አሸንፏል። ዋጋው ደግሞ 120 ሺህ ዶላር ገደማ ነው፤ በአንድ ጂቲ3 ሁለት ሊደርስ ምንም አይቀረው። የሚያናድደው ነገር አለ፦ ሞተሩ ዝቅ ባለ ዙር ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ነዳጅ ይጠጣል፣ ወንበሩ ላይ ሲቀመጡም የጀርመኑ እርጋታ የለውም። እኔ ይህን ሁሉ እችለዋለሁ።

ፌራሪ ጋ ስንመጣ የነገሩ አቅጣጫ ይገለበጣል። ሌላው ኩባንያ መኪና ለመሸጥ ይወዳደራል፤ ኤንዞ ፌራሪ ግን ለመወዳደር ሲል ነበር መኪና የሚሸጠው። ከ1973 በኋላ ፌራሪ ከሌ ማን ላይኛው ምድብ ጠፋ፤ ልክ በሃምሳ ዓመቱ፣ ውድድሩ መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር በ2023 499ፒ በተባለ የውድድር መኪና ተመልሶ አሸነፈ። በ2024 ደገመ፣ በ2025 ሠለሰ። ሻጩም የ296 ጂቲቢ ሞተር «የ499ፒ ነው» ሊልዎ ይችላል። ዝምድናው እውነት ነው፤ ሁለቱም ባለ ስድስት ሲሊንደር የአንድ ቤተሰብ ሞተር አላቸው። ነገር ግን 296 የወጣው በ2021 ነው፣ ከ499ፒ በፊት። ታዲያ ልጅ አባቱን እንዴት ይወልዳል? ከውድድሩ ወደ ጎዳና የወረደውን ሞተር የፈለገ ኤፍ80 የተባለውን ፌራሪ መግዛት ነበረበት፤ የእሱ ብዛት በ799 ተወስኗል፣ ዋጋውም 3.6 ሚሊዮን ዩሮ ነው። 296 በኤሌክትሪክ ሞተር ታግዞ 830 የፈረስ ጉልበት ያወጣል፤ በታችኛው ምድብ የሚሮጠው ወንድሙ ኤሌክትሪኩ በደንቡ ስለማይፈቀድ 600 አካባቢ ነው። ድንቅ መኪና ነው፣ የሰባት ዓመት መደበኛ ሰርቪስም አብሮ ይመጣል። ሆኖም ከ320 ሺህ ዶላር በላይ የሚከፍል ሰው ቀዩን ቀለም ፈልጎ ነው የሚከፍል፤ ይህም ነውር የለበትም፣ ዋናው ማወቁ ነው።

ሱፕራ እዚህ ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። ቶዮታ ከ2018 እስከ 2022 ሌ ማንን አምስት ጊዜ በተከታታይ ወስዷል። ከዚያ በፊት፣ በ2016፣ ሊጠናቀቅ ሦስት ደቂቃ ገደማ ሲቀረው እየመራ የነበረው መኪና ጉልበት አጥቶ መቆሙን ያየ ሰው ደግሞ እስካሁን ሆዱን ይባባዋል። ከዚያ ሁሉ መከራና ድል ወደ ሱፕራ የወረደ ብረት ግን የለም፤ ሞተሩ የቢኤምደብሊው ነው፣ ሲገጣጠም የቆየውም ኦስትሪያ ግራትስ ውስጥ ከቢኤምደብሊው ዜድ4 ጋር ነው። ታዲያ እኔ ለሱፕራ እከራከራለሁ። 60 ሺህ ዶላር ገደማ ነው፣ 382 የፈረስ ጉልበት አለው፣ በእጅ ማርሽም ይገኛል፤ ከሌ ማን ምንም ስላልደረሰው የሌ ማንንም ሒሳብ አያስከፍልዎትም። ቶዮታን እኛ ዘንድ ያስከበረው መቼስ ፈረንሳይ ውስጥ የተደረገ ውድድር አይደለም፤ ኮረኮንች ላይ ሃያ ዓመት ያለቅሬታ የሄደው ላንድክሩዘር ነው።

ቶዮታ ውስጥ የእውነት ውድድር የነካውን የሚፈልግ ጂአር ኮሮላን ይይ፣ 40 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። የዚያን ባለ ሦስት ሲሊንደር ሞተር ዘር ሃይድሮጅን እያቃጠለ በ2021 ጃፓን ፉጂ ላይ 24 ሰዓት አሯሩጠውታል፤ ከሾፌሮቹ አንዱ በወቅቱ የኩባንያው ፕሬዚዳንት የነበሩት አኪዮ ቶዮዳ ራሳቸው ነበሩ። ሞሪዞ በሚል ስም ነው የሚወዳደሩት።

ለማስታወቂያው ብቻ ብሎ የገዛ ሰው ምን እንደሚያገኘው ኦዲን ማስታወስ ነው። በ2006 በናፍጣ ሞተር ሌ ማንን ለመጀመሪያ ጊዜ አሸነፈ፣ ስንቱም ናፍጣ መኪና በዚያ ስም ተሸጠ። በ2015 የቮልስዋገን ቡድን የናፍጣ ጭስ ማጭበርበር ሲወጣ ያ ዝና በአንድ ሰሞን ረከሰ፤ በ2016 መጨረሻ ኦዲ ራሱ ከውድድሩ ወጣ። ጥሩ ፍሬን ግን በዜና አይበላሽም።

ወዳጄን ስንት ጊዜ የውድድር ትራክ ላይ ልትነዳው ነው ብዬ ጠየቅኩት። «በዓመት ሁለቴ፣ ቢበዛ ሦስቴ» አለ። እንግዲያው ዜድ06 ግዛ፣ በተረፈህ ጎማና የፍሬን ሸራ ቀይር አልኩት፤ በዓመት አሥር ቀን ትራክ ላይ የሚውል ሰው ቢሆን ኖሮ ግን ጂቲ3ን ባልከለከልኩት ነበር። አንድ ነገርም አስጠነቀቅኩት፦ ከመፈረምህ በፊት የዋስትናውን ወረቀት አንብብ፣ ውድድር ላይ የደረሰ ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ አይሸፈንም።

ተስማማን፤ ስልኩን ልዘጋ ስል ከጀርባ የባለቤቱ ድምፅ መጣ። «ልጆቹስ የት ይቀመጣሉ?»

ዜድ06 ሁለት ሰው ነው የሚይዘው። ሱፕራም፣ 296ም እንዲሁ። እሱ ሲዳስሰው የነበረው ጂቲ3ም የኋላ ወንበር አልነበረውም። ወዳጄ ትንሽ ዝም አለና «ያ ኮሮላ ያልከኝ ስንት በር ነበረው?» አለኝ።

አራት በርና የኋላ መክፈቻ አልኩት። ቅዳሜ ልናየው ቀጥረናል።