ቺቭኒንግ ወይስ ኢራስመስ ሙንደስ?

ለማስተርስ ከኪሱ መክፈል ለማይችል ሰው ሁለቱም ትልቅ ዕድል ናቸው። የትምህርት ክፍያውን ሸፍነው ለኑሮም ይሰጣሉ። የሚፈልጉት ሰው ግን ይለያያል።

ቺቭኒንግ የብሪታንያ መንግሥት ስኮላርሺፕ ነው። የአንድ ዓመት ማስተርስ ያስተምራል። 2,800 ሰዓት፣ ማለትም የሁለት ዓመት ያህል የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ስለዚህ ዘንድሮ የተመረቀ ልጅ ባይደክም ይሻላል። ትኬቱንና ቪዛውን እነሱ ይችላሉ። ዋናው ግዴታ መመለስ ነው፦ ትምህርቱ ሲያልቅ ቢያንስ ሁለት ዓመት አገርህ ትቆያለህ። ይህን ከልብህ ካልተቀበልክ አትጀምረው።

ኢራስመስ ሙንደስ የአውሮፓ ኅብረት ስኮላርሺፕ ነው። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ሁለት ዓመት ይፈጃሉ፤ ቢያንስ በሁለት አገሮች ትማራለህ። አብዛኞቹ የሥራ ልምድ አይጠይቁም፤ የመጨረሻ ዓመት የዲግሪ ተማሪም ማመልከት ይችላል። የሚሰጠው በወር 1,400 ዩሮ ነው። ደህና ገንዘብ ይመስላል፣ ነውም። ነገር ግን ትኬቱ፣ ቪዛው፣ የቤት ኪራዩ ሁሉ ከዚያው ነው የሚወጣው። ክፍያው ብዙ ጊዜ ከደረስክ በኋላ ስለሚጀምር፣ ለመነሻ የሚሆን ብር ከቤተሰብ ወይም ከዕቁብ ቀድሞ መዘጋጀት አለበት። ስንት ጎበዝ ልጅ እዚህ ላይ ይጨነቃል! አገር ስትቀይር ደግሞ ሌላ ቪዛ፣ ሌላ ኪራይ ይመጣል።

እኔ ለአዲስ ተመራቂ ኢራስመስን እመክራለሁ። ሥራ ይዞ ወደ ቦታው መመለስ ለሚፈልግ ግን ቺቭኒንግ ይሻለዋል፤ አንድ ዓመት ፈቃድ ማግኘት ከሁለት ዓመት ይቀላል።