የሙቅ ውሃ ከረጢቴ ከዘጠኝ ወር በኋላ

ጅማ ውስጥ በርጩማ እሠራለሁ። እግሩም መቀመጫውም ከአንድ ግንድ ስለሚወጣ፣ ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ ዋንዛ መጥረብ ነው። ማታ ከትከሻዬ እስከ ወገቤ ያለው ጡንቻ እንደ ደረቀ ቆዳ ይገተራል።

በመስከረም 2018 ሁለት ሊትር የሚይዝ የጎማ ከረጢት ገዛሁ። በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ጨርቅም ቀርቦልኝ ነበር፤ መብራት ሲጠፋ ግን ከጋቢ አይሻልም። የእኔው ከሰልና ማንቆርቆሪያ ካገኘ ሌላ አይጠይቅም።

ሙቀቱ የደም ሥር ያሰፋል፣ የተኮማተረ ጡንቻ ያላላል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ትከሻዬ ላይ ካቆየሁት በኋላ እጄን ቀስ አድርጌ ወደ ላይ ስዘረጋ፣ ጠዋት መጥረቢያው አይከብደኝም። በማግስቱ ማታ ሕመሙ ተመልሶ ይመጣል፤ ማጎንበሱ እስካልቀረ ድረስ ከዚህ የበለጠ አልጠብቅም።

አያያዙን የተማርኩት ተቃጥዬ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የፈላ ውሃ እንደ ወረደ ሞላሁበት። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ቆዳ ለመላጥ ግን ይበቃል፣ ይተርፋልም። አሁን ጥቂት ደቂቃ አበርደዋለሁ፣ ሁለት ሦስተኛውን ብቻ እሞላለሁ፣ ውሃው አፉ ላይ ብቅ እስኪል አየሩን ጨምቄ አስወጣለሁ፣ ከዚያ በፎጣ እጠቀልለዋለሁ። አቅፎት መተኛትም አይገባም፤ በዚህ ምክንያት ጎኔ ላይ የወጣው ቀይ ምልክት ለሳምንታት አልጠፋም።

ትልቁን ስህተት የሠራሁት ጥር ላይ ነው። ግንድ ሳነሳ ወገቤን ያዘኝ፤ ያንኑ ማታ ከረጢቱን ለጠፍኩበት። ሲነጋ ከአልጋ መውረድ አቃተኝ። የሰፈራችን ወጌሻ ሊያሹኝ እምቢ አሉ። «ልጄ፣ እሳት የያዘው ቤት ላይ ጋዝ ይጨመራል?» አሉኝ። ትኩስ ጉዳት እያበጠ ሳለ ሙቀት ደም ይስብበታል። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚሻለው በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ነው፤ ከረጢቱ ተራው ከዚያ በኋላ ነው። ሕመሙ እግር ካደነዘዘ ወይም ሽንት ካስቸገረ ግን ቶሎ ወደ ሐኪም ነው።

ዕቃው ራሱስ? ጎማው ወፍራም ነው፣ ሙቀት ይይዛል። ክዳኑ ግን አናደደኝ። በስድስተኛው ወር ጎሚኒው ደርቆ ፍራሼን አራሰው። ምን ነካው ብዬ አንገቱን ሳገላብጥ አበባ የመሰለ ማኅተም አየሁ፦ መሃሉ ላይ የተመረተበት ዓመት፣ ዙሪያውን የወራቱ ቅጠሎች። ቁጥሩ 23 ይላል፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። ሻጩ «ትናንት የገባ» ብሎ የማለልኝ ዕቃ መደርደሪያ ላይ ሁለት ዓመት አርጅቷል ማለት ነው። ጎማ ደግሞ ባይሠራበትም ይደርቃል።

አሁን አንገቱ ሥር ስገትረው ፀጉር የመሰሉ ስንጥቆች ይታዩኛል። ባለቤቴ «ገና ይሠራል» ትላለች። እኔ ግን ጀርባዬን ለእሱ አላምንም፤ ሰኔ ሳያልቅ ይጣላል። አዲሱን ስገዛ ዋጋውን የምጠይቀው አበባውን ካነበብኩ በኋላ ነው።