ፋሲል ግቢን በኤችዲአር ለማንሳት፦ ስልክ፣ ካኖን 6ዲ ወይስ ኒኮን ዲ750?

ጎንደር ሄዶ የአፄ ፋሲልን ግንብ ከፊት ለፊት ማንሳት ማንንም አያስቸግርም። ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ከሆነች ስልክም ይበቃል። ሥራው የሚከብደው እዚያው ግቢ ውስጥ ወዳለው የአድያም ሰገድ ኢያሱ ቤተ መንግሥት ስትገቡ ነው። ይህ ቤት እ.ኤ.አ. በ1704 በደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ ተጎዳ። በ1941 ደግሞ እንግሊዞች ጣሊያንን ከጎንደር ለማስወጣት ሲዋጉ በቦምብ ተመታ። ዛሬ ጣሪያ የለውም። ብርሃኑ ከላይ ቦግ ብሎ ይገባል፤ የግድግዳው ሥርና የበሮቹ ውስጥ ግን ጭልም ያለ ነው። ካሜራውን ለሰማዩ ካስተካከላችሁት ድንጋዩ ይጠቁራል። ለድንጋዩ ካስተካከላችሁት ሰማዩ ነጭ ሆኖ ይቀራል።

ኤችዲአር ዋጋው የሚታወቀው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። አንዱን ትዕይንት ከጨለማ እስከ ደማቅ ደጋግማችሁ ታነሳላችሁ፤ ከዚያ ከየፎቶው ደህና የወጣው ክፍል ይዋሃዳል። ጥያቄው ገንዘባችሁን በየትኛው ዕቃ ላይ ታውሉታላችሁ የሚለው ነው።

ስልክ

ፎቶው የሚታየው በቴሌግራምና በፌስቡክ ብቻ ከሆነ ካሜራ አትግዙ። ከልቤ ነው። የዛሬ ስልኮች አንዴ ስትጫኑ ብዙ ፎቶ ወስደው ራሳቸው ያዋህዳሉ። ጎግል ይህን ኤችዲአር ፕላስ ብሎ እ.ኤ.አ. በ2013 በኔክሰስ 5 ጀመረው፤ አሁን አይፎኑም ሳምሰንጉም የየራሳቸው አላቸው። ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) አያስፈልግም፣ ሰው ቢያልፍም ብዙ አይበላሽም።

ችግሩ የሚታየው ፎቶውን አስፍታችሁ ስታዩት ነው። ጥላ ውስጥ ያለው ድንጋይ ይለሰልሳል፤ በድንጋዮቹ መሃል ያለው የኖራ መስመር ይደበዝዛል። ግንቡ ከሰማይ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይም አንዳንዴ ነጣ ያለ መስመር ይወጣል። አሳትማችሁ ግድግዳ ላይ ልትሰቅሉት ካሰባችሁ ይህ ያናድዳል። ከአይፎን 12 ፕሮ ወዲህ ያሉት ፕሮ አይፎኖች ፕሮሮው (በኋላ ለማስተካከል ብዙ መረጃ የሚይዝ የፎቶ ፋይል) አላቸው፤ ነገሩን ያሻሽለዋል እንጂ አያጠፋውም።

ሁለቱ ያገለገሉ ካሜራዎች

ካኖን 6ዲ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ኒኮን ዲ750 በ2014 ወጡ። ሁለቱም ፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ያላቸው) ናቸው፤ አሁን ሰው የሚገዛቸው ያገለገሉ ሆነው ነው። ለፍርስራሽ ፎቶ ፍጥነት አያስፈልግም፤ ግንቡ የትም አይሄድም። ስለዚህ አዲስ ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው ካሜራ) ለመግዛት ብድር ውስጥ መግባት አይታየኝም።

ካኖኑ 20 ሜጋፒክስል ነው፣ ኒኮኑ 24። ይህን እርሱት፣ በዓይን አይለይም። የሚለየው የብርሃን አቅማቸው፣ ማለትም በአንድ ፎቶ ከጨለማ እስከ ደማቅ የሚይዙት ስፋት ነው። ካሜራዎችን በሚፈትሸው ዲኤክስኦማርክ መለኪያ 6ዲ 12.1 ስቶፕ ሲይዝ ዲ750 14.5 ይይዛል። አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በእጥፍ ማሳደግ ስለሆነ የሁለቱ ልዩነት ከአራት እጥፍ በላይ ነው። በተግባር ምን ማለት ነው? በኒኮኑ አንድ ነጠላ ሮው (ካሜራው የያዘውን መረጃ ሳይቀንስ የሚያስቀምጥ ፋይል) አንስታችሁ ጥላውን ኮምፒውተር ላይ ብታደምቁት ድንጋዩ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። በካኖኑ ተመሳሳዩን ብታደርጉ ጥቁሩ ቦታ ላይ ነጠብጣብና መስመር መስመር ነገር ይመጣል።

ግን ትራይፖድ ላይ ሲቆሙ ታሪኩ ይለወጣል። ከውስጥ ሆናችሁ በሩን ከነውጩ ስታነሱ አይኤስኦን (ለብርሃን ያለውን ስሜት) 100፣ አፐርቸርን (የሌንሱን ቀዳዳ) ኤፍ 8 ላይ ቆልፉ፤ ፎከሱንም በእጅ አድርጉት። ከዚያ ሹተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) ብቻ እየለወጣችሁ አምስት ፎቶ፦ 1/250፣ 1/60፣ 1/15፣ 1/4 እና 1 ሰከንድ። በመጀመሪያው ፎቶ ከበሩ ውጭ ያለው ሰማይና ሣር ቁልጭ ይላል። በመጨረሻው የጨለመው ግድግዳ እያንዳንዱ ድንጋይ ይቆጠራል። የካኖኑ ጥላ የሚወሰደው ከዚያ ከደማቁ ፎቶ ስለሆነ ነጠብጣቡ አይመጣም። እንዲህ ሲሠራ የሁለቱን ካሜራዎች ውጤት መለየት ከባድ ነው።

ስለዚህ ራሳችሁን የምትጠይቁት ትራይፖድ ትሸከማላችሁ ወይ ብላችሁ ነው። የምትሸከሙ ከሆነ 6ዲን ገዝታችሁ የተረፈውን ሰፊ ሌንስ ላይ አውሉት፤ የካኖን 17-40 ኤፍ 4 ለዚህ ሥራ ግሩም ነው። ከአስጎብኚና ከቤተሰብ ጋር እየሮጣችሁ በእጅ የምታነሱ ከሆነ ያለ ጥርጥር ዲ750። የኔ ምርጫ ኒኮኑ ነው፤ ትራይፖድ በማይፈቀድበት ቦታም አያሳፍርም። ስክሪኑ ስለሚታጠፍ መሬት አስጠግታችሁ ስታነሱ አንገታችሁ አይጣመምም። በእጃችሁ የካኖን ሌንሶች ካሉ ግን ሁሉን ሸጦ መቀየር አያዋጣም።

በጀቱ ለዚህም ካልደረሰ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ኒኮን ዲ3500 ጥሩ ጀማሪ ካሜራ ነው፤ አውቶ ብራኬቲንግ (ከጨለማ እስከ ደማቅ ያሉትን ፎቶዎች ካሜራው ራሱ በተከታታይ የሚያነሳበት) ግን የለውም። በየፎቶው መሃል ሹተሩን በእጅ ስትቀይሩ ካሜራው ይነቃነቃል። ካኖን 2000ዲ ሦስት ፎቶ በተከታታይ ያነሳል። 6ዲ እስከ ሰባት፣ ዲ750 እስከ ዘጠኝ ይሄዳሉ።

ትራይፖድ ስትገዙ ቁመቱን ሳይሆን ክብደቱንና እግሩን እዩ። ቀጭኑ ርካሽ ትራይፖድ በነፋስ ይንቀጠቀጣል። በቅርስ ቦታዎች ይፈቀድ እንደሆነም ትኬት ስትቆርጡ ጠይቁ።

ሶፍትዌር

ፎቶዎቹን ለማዋሃድ ላይትሩም ይመቻል። የተዋሃደው ፎቶ ራሱ ሮው ስለሚሆን በኋላም እንደልብ ይስተካከላል። ግን በየወሩ ይከፈላል፤ የውጭ ካርድ ለሌለው ሰው ራስ ምታት ነው። ፎቶማቲክስ አንዴ ተከፍሎ ያልቃል፤ የሙከራ ቅጂው ፎቶው ላይ ምልክት ይተዋል እንጂ ጊዜው አያልፍም። ሉሚናንስ ኤችዲአር ነፃ ነው፤ ትዕግሥት ይጠይቃል።

በየትኛውም ብትሠሩ ማስተካከያውን እስከ ጥግ አትጎትቱት። የጎንደር ግንቦች ጥቁር ቡናማ ድንጋይ ናቸው፤ የበርና የመስኮት ቅስቶቹ ቀላ ባለ ድንጋይ ተሠርተዋል። ቀለሙን ስታጋግሉት ቅስቱ ብርቱካን ይሆናል፣ ግድግዳው ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ከዚህም የሚከፋው፣ ሁሉም ድንጋይ እኩል ስለሚሻክር የታደሰውና የጥንቱ አይለይም። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የቆመ ግድግዳ እንዲህ ሲበላሽ ማየት ያሳዝነኛል።

ያገለገለውን ካሜራ ከመክፈላችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ ሞክሩት። የራሳችሁን ሚሞሪ ካርድና ላፕቶፕ ይዛችሁ ሂዱ። የሱቁን ጨለማ ጥግ ከመስኮቱ ጋር አድርጋችሁ በሮው አንሱ፤ እዚያው ጥላውን አድምቃችሁ እዩ። ብራኬቲንጉን አስነስታችሁ ሹተሩ ሳይደናቀፍ መጨረሱን ስሙ። ዲ750 ከሆነ መለያ ቁጥሩን ጻፉ፤ ኒኮን የተወሰኑትን በሹተር ችግር ለጥገና ጠርቷቸው ስለነበር ያ ካሜራ ከነሱ አንዱ መሆኑንና መጠገኑን ሳታጣሩ ብር አትቁጠሩ።