የኮስሞስ2025 ጋላክሲ ካታሎግ፦ ሁለት ወር ተጠቅሜበት ያየሁት

ሁለት ወር ማታ ማታ ከዚ ካታሎግ ጋር ነው ያመሸሁት። ጀምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ሴክስታንስ በሚባለው የሰማይ ክፍል አንዷን ቁራጭ ለ255 ሰዓት ያየበት የኮስሞስ-ዌብ ሰርቬይ ውጤት ነው፣ በፈረንጆቹ ጁን 2025 ለማንም በነጻ ተለቀቀ። ስፋቱ 0.54 ስኩዌር ዲግሪ ነው፣ ሶስት ሙሉ ጨረቃ እንኳን አይሞላም፣ እዛች ውስጥ ግን ወደ 800,000 የሚጠጋ ጋላክሲ አለ!

መጀመሪያ ፋይሉን ከማውረዳችሁ በፊት ድረገጹ ላይ ያለውን ማፕ ክፈቱት። እያጎላችሁ ስትገቡ ባዶ ጥቁር የመሰላችሁ ቦታ ሁሉ በጥቃቅን ቀያይ ነጥቦች ይሞላል፣ አንዷን ስትነኳት የራሷ መረጃ ይወጣል። እኔ አንድ ጥግ ላይ አምስት ቀያይ ጋላክሲዎች እንደ ወይን ዘለላ ተጠጋግተው አገኘሁና በቃ ክላስተር (በስበት የተሳሰረ የጋላክሲ ስብስብ) አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ፣ አንድ በአንድ ስነካቸው ግን ሁለቱ ሬድሺፍታቸው (ብርሃናቸው በጉዞው ምን ያህል እንደተለጠጠ የሚናገር ቁጥር፣ ሲበዛ ጋላክሲው ሩቅ ነው) 0.7 አካባቢ ሌሎቹ ከ2 በላይ ሆኑ፣ በመሀላቸው በቢሊዮን የሚቆጠር የብርሃን ዓመት አለ ማለት ነው። አይን ብቻውን ያሳስታል፣ የዚ ካታሎግ ዋጋም እዚ ጋ ነው፤ ቦታውን፣ ሬድሺፍቱንና የኮከቦቹን ጠቅላላ ክብደት አንድ ላይ ይሰጣችኋል።

ዌብ የሚያየው በኢንፍራሬድ ነው፣ ከቀይ ባሻገር ባለው ለአይን በማይታይ ብርሃን። ለምን ካላችሁ፣ የሩቅ ጋላክሲ አሮጌ ኮከቦች ብርሃን በጉዞው ተለጥጦ ወደዛ ስለሚገባ ነው። ከመሬት ሆኖ በዚ ብርሃን ማየት ከባድ ነው፣ ከባቢ አየራችን ራሱ ያበራል።

ሬድሺፍቱ የተገመተው በ37 ፊልተር ከተለካ ቀለም ነው፣ ስህተቱም ሬድሺፍቱ ላይ 1 ተደምሮ የዛ ወደ 1.2 በመቶ ነው። ትንሽ ይመስላል አይደል? ሬድሺፍት 2 ላይ ግን ወደ ርቀት ስትቀይሩት 175 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ይሆናል፣ ስለዚ ጥልቀቱን በንብርብር ቆርጦ በየንብርብሩ ሰማይ ላይ ያለውን መሰባሰብ መለካት ነው ሚያዋጣው። ስሌቱ ሀሳቡ ቀላል ነው፦ በዚ ርቀት ስንት የጋላክሲ ጥንድ አለ ብላችሁ ትቆጥራላችሁ፣ ከዛ በዘፈቀደ ከተበተኑ ነጥቦች ጥንድ ጋር ታወዳድራላችሁ፣ ትርፉ መሰባሰቡ ነው። ለ100,000 ጋላክሲ ጥንዱ ወደ 5 ቢሊዮን ይጠጋል፣ ላፕቶፔ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ አደረ።

አንድ ነገር ልብ በሉ፣ በደማቅ ኮከቦች ዙሪያ ጋላክሲ ማይታይበት ቀዳዳ አለ። እኔ የዘፈቀደ ነጥቦቼን ከነዚ ቀዳዳዎች ሳላወጣ ሰርቼ መሰባሰቡን በየርቀቱ የሚያሳየው ኩርባ ሰፊ ርቀት ላይ አልወርድም አለ፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ኮዴን ስፈትሽ ቆየሁ። ማስኩን (ቀዳዳዎቹ የት እንዳሉ የሚያሳየውን ካርታ) ስጠቀም ወዲያው ተስተካከለ፣ ከዛ ኮከብ መውለድ ያቆሙት ጋላክሲዎች ከሌሎቹ ይበልጥ ተጠጋግተው ሲወጡ ሳይ በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ ከባድ የዳርክ ማተር (በስበቱ ብቻ የሚታወቅ የማይታይ ቁስ) ጎጆ ውስጥ ነው ሚኖሩት የሚባለውን በራሴ ስክሪን ላይ አየሁት።

ጉድለቱ የቦታው ማነስ ነው። በ2018 ይፋ የሆነው ሃይፐሪየን የሚባለው ግዙፍ የጋላክሲ ክምችት እዚው ኮስሞስ መስክ በሚባለው የሰማይ አካባቢ ውስጥ ሬድሺፍት 2.45 ላይ ነው፣ በአንድ ጎኑ 200 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ይሰፋል፣ የሰርቬዩ ጎን ደሞ እዛ ርቀት ላይ 240 ሚሊዮን ቢሆን ነው። እሱ ባለበት ንብርብር የምትለኩት ቁጥር የአለሙ አማካይ ነው ብላችሁ እንዳትጽፉ። ስፋት ለሚፈልግ በማርች 2025 የወጣው ዩክሊድ የሚባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ የመጀመሪያ ዳታ 63 ስኩዌር ዲግሪ ይሸፍናል፣ ደብዛዛና ሩቅ ጋላክሲ ለሚፈልግ ግን ይሄን አውርዱ፣ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሄዳችሁ ቢሆን ይሻላል፣ እኔ በሞባይል ዳታ ሞክሬ ሁለቴ ተቋርጦብኛል።