ያረሰ በሬ ወይስ የቆመ? የአበሻ ላም ወይስ የፈረንጅ? ለጎጃም ሸማቾች የሥጋና የወተት ንጽጽር

ሥጋ ስንገዛ ዋጋ እንጠይቃለን። ስቡን እናያለን። አጥንት በዛ ብለን እንጨቃጨቃለን። ከብቱ በሕይወት ዘመኑ ምን ያህል ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ አየር ላይ እንደለቀቀ የሚጠይቅ ግን የለም። ሥጋ ተዉ ልላችሁ አልመጣሁም። ጎጃም ላይ ቆሞ ለፋሲካ ሥጋ አትብሉ የሚል ሰው ሰሚ አያገኝም፤ ማግኘትም የለበትም። አማካይ ኢትዮጵያዊ በዓመት የሚበላው ሥጋ 10 ኪሎ አይሞላም፤ የአሜሪካዊው ከ100 ኪሎ ያልፋል። ብሩን ማውጣታችሁ ካልቀረ ግን ከሁለቱ የቱ እንደሚሻል ማወቅ አይከፋም።

ነገሩ የሚጀምረው ከከብቱ ጨጓራ ነው። ሣሩንና ጭዱን እዚያ ያሉ ጥቃቅን ነፍሳት ሲያብላሉት ሚቴን የሚባል ጋዝ ይፈጠራል። ብዙ ሰው የሚመስለው ከኋላ የሚወጣ ነው። አብዛኛው የሚወጣው ግን በአፍ ነው፣ ከብቱ ባገሳ ቁጥር። ሚቴን አየር ላይ የሚቆየው 12 ዓመት ገደማ ቢሆንም፣ በ100 ዓመት ስሌት የማሞቅ ኃይሉ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 27 እጥፍ ያህል ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢትዮጵያ የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ከአገሪቱ ልቀት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነውን ለእንስሳት እርባታ ሰጥቶታል። እኛ አገር ከፋብሪካና ከመኪና ቀድሞ የሚቆጠረው በረት ነው።

በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በ119 አገሮች ያሉ ወደ 38,700 እርሻዎችን ያየ ጥናት አለ። በዚያ መሠረት ለሥጋ ተብሎ ብቻ ከሚረባ ከብት የሚገኝ አንድ ኪሎ ሥጋ ወደ 60 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚተካከል ጋዝ አለበት። የበግ ሥጋ 24 ገደማ፣ ዶሮ 6 ገደማ፣ እንቁላል ከ5 በታች፣ አተር ደግሞ 1 ገደማ ነው። ይህ የዓለም አማካይ ነው። ጎጃም ላይ ለሥጋ ብቻ የሚያድግ በሬ ግን ስንት አለ?

ያረሰ በሬ እና የቆመ በሬ

የኛ በሬ መጀመሪያ አራሽ ነው። ዓመታት ጤፍና በቆሎ ሲያርስ ኖሮ ነው ወደ ገበያ የሚወጣው። ስለዚህ በሕይወቱ የለቀቀውን ጋዝ ሁሉ ሥጋው ላይ መጫን ፍትሐዊ አይደለም። ከፊሉ የእንጀራው ዕዳ ነው። በዚህ ስሌት የአራሽ በሬ ሥጋ ከዚያ ከ60ው ብዙ ዝቅ ይላል።

አንድ ነገር ግን ስሌቱን ያበላሸዋል፦ ማረስ ካቆመ በኋላ ጭድ እየበላ ሥራ ፈቶ መቆሙ። አንድ የአፍሪካ ከብት በዓመት በግምት ከ30 እስከ 50 ኪሎ ሚቴን ይለቃል። መሃሉን፣ 40ን እንውሰድ። ሁለት ዓመት የቆመ በሬ 80 ኪሎ ለቀቀ ማለት ነው። በ27 ስናባዛው ከሁለት ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። በሬው ታርዶ 110 ኪሎ ሥጋ ቢወጣው፣ በእያንዳንዱ ኪሎ ላይ 20 ኪሎ ገደማ ጨመረ። ያውም ምንም ሳያርስ፣ ምንም ሳይወፍር።

ከዚህ የሚሻለው እርሻው እንዳበቃ ለሦስት አራት ወር ተቀልቦ የተሸጠ ሰንጋ ነው። ፋጉሎና አተላ የቀመሰ ከብት ቶሎ ይሰባል። መኖው በደንብ ስለሚፈጭለትም ለአንድ ኪሎ ሥጋ የሚያገሳው ያንሳል። እና ሻጩን ሁለት ጥያቄ ጠይቁት፦ መጨረሻ ያረሰው መቼ ነው? ስንት ወር ደለበ? መልሱን ካላመናችሁ ሥጋውን እዩት። ያረጀ በሬ ሥጋው ጠቆር ይላል፣ ክሩ ወፈር ወፈር ያለ ነው፣ ሣር ላይ የኖረ ከሆነ ስቡ ቢጫ ነው። ቢጫ ስብ ጉድለት አይደለም። አርጅቶና ከስቶ ስብ አልባ ከሆነ ግን ያ የቆመው በሬ ነው። ሥጋውም ጠንካራ ነው፣ ዕዳውም ከባድ ነው፣ ከሰሉንም ይጨርሳል።

የዋሸራ በግስ? እሱ መሃል ላይ ነው። እንደ በሬው አያርስም፣ ግን ቶሎ ይደርሳል። ለትንሽ ቤተሰብ በቂ ነው፣ የሚበላሽም አይኖርም።

ቅርጫ እና ሉካንዳ

ቅርጫ የሚበልጠው በአንድ ነገር ነው፤ ምንም አይጣልም። ጨጓራው፣ ጉበቱ፣ አንጀቱ፣ ሻኛው ሁሉም መደብ ላይ ይደለደላል። ቆዳውም ይሸጣል። ከአንድ በሬ ብዙ የሚበላ ሲወጣ ዕዳው ለብዙ ምግብ ይከፋፈላል። በዚያ ላይ በሬውን ከነቁመናው አይታችሁታል፣ ባለቤቱንም ጠይቃችሁታል። ሉካንዳ የተሰቀለ ሥጋ ታሪኩን አይናገርም።

ሉካንዳ የሚበልጠው ደግሞ በግማሽ ኪሎ ነው። ፍሪጅ የሌለው ቤት አንድ ሙሉ መደብ ወስዶ ግማሹ ቢሸትበት፣ ቅርጫው ያተረፈው ሁሉ ገደል ገባ። ተበልቶ ያለቀ ሥጋ ከተጣለ ሥጋ ሁልጊዜ ይሻላል። ስለዚህ ቅርጫ የምትገቡ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን ቋንጣ የሚሆነውን ለዩና ዘልዝላችሁ ስቀሉት። ቋንጣ ለማድረግ ጊዜ ከሌላችሁ ከጎረቤት ጋር አንድ መደብ ለሁለት ተካፈሉ።

ወተት፦ የአበሻ ላም እና የፈረንጅ ላም

እዚህ ላይ ልዩነቱ ሰፊ ነው። የአበሻ ላም በቀን በአማካይ ከአንድ ሊትር ተኩል እስከ ሁለት ሊትር ትሰጣለች። በደንብ የተያዘች የተዳቀለች ላም፣ የፈረንጅ ላም የምንላት፣ ስምንትና ከዚያ በላይ። የተዳቀለችው ብዙ ትበላለች፣ ብዙም ታገሳለች፣ ግን አራት እጥፍ አታገሳም። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ ወተት ባወጣው ሪፖርት ከአርሶ አደር ቤት የሚመጣ አንድ ኪሎ ወተት 19 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚተካከል ጋዝ እንዳለበት፣ መካከለኛ የወተት እርባታዎች ዘንድ ግን ወደ 4 እንደሚወርድ አሳይቷል። ለዕለት ወተት እንግዲህ ያለ ማንገራገር የፈረንጅ ላም። ደሾ ሣርና ፉርሽካ ከሚያበላ ጎረቤት ብትገዙ ደግሞ የበለጠ። ወተቱ ቀጠን ይልባችኋል፣ እሱን ቻሉት።

ቅቤ ሌላ ታሪክ ነው። የአበሻ ላም ወተት ስብ አለው፣ መዓዛው ሌላ ነው፤ እኔ በቅቤ ጉዳይ አልደራደርም። ግን አንድ ኪሎ ቅቤ ለማግኘት 20 ሊትር ያህል ወተት መናጥ አለበት። ወጥ ላይ ጣል የምታደርጓት ማንኪያ ቅቤ በክብደቷ ልክ ሲታይ ከተለመደው ፍጆታችሁ ሁሉ ዕዳዋ ከባድ ነው ማለት ይቻላል። ደግነቱ ከዚያው ወተት አሬራ ይተርፋል፣ ከአሬራው አይብ ይወጣል። ቅቤው ለማንኛውም የሚናጥ ስለሆነ አይቡን መግዛት በጣም ቀላሉ ምርጫ ነው።

ስለ ጾም ደግሞ አንድ ነገር። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ላሟ ግን አትጾምም፤ ትታለባለች፣ ታገሳለች። ገዢ ያጣ ወተት ቅቤ ካልሆነ ይደፋል። ቤታችሁ ሕፃን ወይም የታመመ ሰው ካለ፣ ወተት በብዛት የሚገዛበት ጊዜ ይኼ ነው።

ዶሮ፣ እንቁላል፣ ዓሣ

ያው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ በ2030 እ.ኤ.አ. ከሥጋ ፍጆታችን 30 በመቶው ዶሮ እንዲሆን አቅዶ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዶሮ አያመሰኳም፣ ሚቴኑ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የአበሻ ዶሮ ለቅማ የምትኖር ናት፣ መኖ አትፈልግም፣ ሥጋዋም ትንሽ ነው። ሳሶ የምትባለው የውጭ ዝርያ በቆሎና አኩሪ አተር ትበላለች፣ ግን ቶሎ ትደርሳለች። በዚህ ንጽጽር ሁለቱም ከበሬ ብዙ ስለሚቀሉ በጣዕም ምረጡ። ዶሮ ወጥ ከሆነ የአበሻ ዶሮ፣ ጥብስ ከሆነ ሳሶ።

ባሕር ዳር ላይ ላላችሁ ቆሮሶና አምባዛ አለ። ዓሣ ሚቴን አያገሳም። ጣና ግን ማለቂያ የሌለው ጎተራ አይደለም። በክረምት እንቁላል ሊጥሉ ወደ ወንዞች አፍ የሚሄዱት የባርበስ ዓሦች እዚያው በመረብ እየተጠመዱ ተመናምነዋል። ጣት የምታክል ቆሮሶ አትግዙ።

ምድጃው

ያረሰ በሬ ቀይ ወጥ በከሰል ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ አንዳንዴም ሦስት። አንድ ኪሎ ከሰል ሲነድ ወደ 3 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። በባህላዊ መንገድ ሲከሰል ደግሞ ለአንዱ ኪሎ አምስት ስድስት ኪሎ እንጨት ሄዷል። ቢሆንም ሥጋው ራሱ ካለበት አንጻር ምድጃው ትንሽ ነው። በኤሌክትሪክ ስለቀቀላችሁት ብቻ የበሬ ሥጋ ቀላል አይሆንም። ሽሮ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ከሽሮው ይልቅ የሚከብደው ከሰሉ ነው። ምድጃ መቀየር የሚያዋጣው ዕለት ዕለት ለሚሠራው ለጾም ወጥ ነው።

ከከሰል ከከሰል፣ ከአዊ የሚመጣው የዲከረንስ (የሚተከል የግራር ዓይነት ዛፍ) ከሰል ከተፈጥሮ ደን ከተቆረጠው በእጅጉ ይሻላል። ገበሬው ተክሎ፣ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ቆርጦ፣ እንደገና ይተክላል። ሻጯን ከየት እንደመጣ ጠይቋት።

ከሁሉም የሚሻለው ግን መብራት ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ነው። ጣና በለስ ብቻ 460 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። መብራቱ እስካለ ድረስ ነው እንግዲህ! ለዚህም ፕሬሸር ድስት መፍትሔ ነው። ሽንኩርቱን እንደ ወትሮው በክፍት ድስት አቁላሉ። ጠንካራውን ሥጋ ጎን ለጎን በፕሬሸር 40 ደቂቃ ቀቅሉትና ከነመረቁ ቁሌቱ ላይ ገልብጡት። በከሰል ብትሠሩት እንኳ ከሰሉ ግማሽ አይፈጅም።

ቁርጥ የሚወዱ ሰዎች እዚህ ጋ ሊስቁ ይችላሉ፤ ማገዶ ዜሮ። ኮሶው ግን አለ። ቁርጥ ካማራችሁ በቄራ ታርዶ የእንስሳት ሐኪም ማኅተም ያረፈበትን ሥጋ ከሉካንዳ ግዙ፣ ምርመራውም ሁሉን እንደማያይ እያወቃችሁ። ግቢ ውስጥ የታረደውን የቅርጫ ሥጋ በደንብ አብስሉት።