ከኖቫ ወደ ጆርጅ ሜሰን፦ መንገዱ ጥሩ ነው፣ ዋጋው ግን ቶሎ አይታወቅም

ሰሜን ቨርጂኒያ ለሚኖር ሐበሻ ቤተሰብ፣ ልጅን ከባድ ዕዳ ሳያሸክሙ ለማስመረቅ ኖቫ (የሁለት ዓመቱ የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) ጀምሮ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ መጨረስን የሚያህል አማራጭ በአቅራቢያው የለም። አንድ ትልቅ ጉድለት ግን አለው፤ ሜሰን የሚቀጥለውን ዓመት ክፍያ ቆርጦ የሚናገረው ዘግይቶ ነው። ምክንያቱም ያለው ዩኒቨርሲቲው ባለበት ፌርፋክስ ሳይሆን የግዛቱ መንግሥት ባለበት ሪችመንድ ነው።

ሜሰን በ1957 የዩኒቨርሲቲ ኦፍ ቨርጂኒያ ቅርንጫፍ ሆኖ ተከፈተ፣ በ1972 ራሱን ቻለ፣ አሁን ወደ 40,000 ተማሪ ይዞ የግዛቱ ትልቁ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። የግዛቱ ድጎማ ግን አብሮት አላደገም። አመራሩ በነፍስ ወከፍ የሚደርሰን ከሌሎቹ ትልልቅ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲዎች ያንሳል እያለ ለዓመታት ሲሟገት ቆይቷል። የጎደለው ደግሞ በመጨረሻ የሚሞላው ከተማሪው ኪስ ነው።

ቨርጂኒያ በጀት የምታወጣው ለሁለት ሁለት ዓመት ነው። የግዛቱ ምክር ቤት ጃንዋሪ ላይ ይሰበሰባል፣ የበጀት ዓመቱ ጁላይ 1 ይጀምራል፣ በመሃል ገዥውና ምክር ቤቱ ካልተስማሙ ነገሩ ይጓተታል። በ2024 በጀቱ የጸደቀው ሜይ አጋማሽ ላይ፣ በልዩ ስብሰባ ነበር። በ2023 ደግሞ የበጀቱ ማሻሻያ እስከ ሴፕቴምበር ቆየ፤ ያኔ ተማሪው ክፍል ገብቷል። በ2022 የሆነው ይበልጥ ያስተምራል። ሜሰን ክፍያውን 3 በመቶ ጨመረ፣ የያኔው ገዥ ያንግኪን ጭማሪው ይቅር ሲሉ የሜሰን ቦርድ ኦገስት ላይ ለነዋሪ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የአንድ ጊዜ ቅናሽ ሰጠ። ቅናሹ የዚያ ዓመት ብቻ ነበር፤ ጭማሪው ግን እዚያው ቀረ። በሕጉ መሠረት ቦርዱ ጭማሪ ከማጽደቁ ቢያንስ 30 ቀን በፊት ያሰበውን መጠን፣ ከዚህ እስከዚህ ብሎ ማሳወቅ አለበት። ማስታወቂያው ጸደይ ላይ ሲወጣ ከፍተኛውን ቁጥር ይዛችሁ አስሉ።

ይህን ንፋስ የምትከላከሉበት ዋናው መንገድ ሜሰን የምትከፍሉበትን ጊዜ ማሳጠር ነው። ኖቫ ለነዋሪ አንድ ክሬዲት 200 ዶላር ገደማ ነው፤ ሜሰን ከነግዴታ ፊው በዓመት 14,000 ዶላር ግድም ያስከፍላል። በዓመት 30 ክሬዲት ኖቫ ላይ ወደ 6,000 ዶላር ነው። የማይመለሰው የፌዴራል እርዳታ፣ ሙሉ ፔል ግራንት (በ2024-25 የነበረው ጣሪያ 7,395 ዶላር) ይህን ሸፍኖ ለመጽሐፍ ያተርፋል። የእርዳታ ማመልከቻው ቅጽ ፋፍሳ አብዛኛውን ጊዜ ኦክቶበር 1 ይከፈታል፤ እስከ ጸደይ የሚያቆየው ሰው የግዛቱንና የዩኒቨርሲቲውን ገንዘብ ለቀደሙት ይተዋል።

ሁለቱን ትምህርት ቤቶች የሚያገናኘው ከ2018 ጀምሮ ያለው አድቫንስ የተባለው ፕሮግራም ነው። መመዝገቢያው ነፃ ነው፣ አንድ አማካሪ ከኖቫ እስከ ሜሰን ይከታተላል፣ ለእያንዳንዱ ሜጀር የትኛው ኮርስ በየትኛው ሴሚስተር እንደሚወሰድ ተጽፎ ይሰጣል። ገና በመጀመሪያው ሴሚስተር ግቡ። ዘግይቶ የሚመጣ ተማሪ የማይጠቅሙ ኮርሶችን ሰብስቦ ነው የሚደርሰው።

ብዙ ልጆች የሚሰናከሉበት ሒሳብ ላይ ነው። ኤምቲኤች 154 የተባለው የኖቫ የሒሳብ ኮርስ ቀለል ይላል፣ ለብዙ የማኅበራዊ ሳይንስ ሜጀሮችም ይበቃል። ኮምፒውተር ሳይንስ የሚፈልግ ልጅ ግን ካልኩለስ፣ ማለትም ኤምቲኤች 263 ያስፈልገዋል፤ ዝግጁ ካልሆነም ከዚያ በፊት ባለ 5 ክሬዲቱን 167 መውሰድ አለበት። 154 ወስዶ በኋላ ሐሳቡን የቀየረ ልጅ ጊዜ ይከስራል። ከሲ በታች የሆነ ውጤትም አይሻገርም፤ ዲ ኖቫ ላይ ማለፊያ ቢሆንም ሜሰን አይቀበለውም።

የነዋሪ ዋጋ ለማግኘት ትምህርቱ ከሚጀምርበት ቀን በፊት 12 ወር ቨርጂኒያ ውስጥ መኖሪያን ማጽናት ይጠይቃል። ልጁ ከ24 ዓመት በታች ከሆነ በአብዛኛው የሚታየው የወላጅ ወረቀት ነው፦ የግዛት ታክስ፣ መንጃ ፈቃድ፣ የመኪና ምዝገባ። ከሜሪላንድ መጥቶ አሌክሳንድሪያ ቤት ተከራይቶ፣ መኪናው አሁንም የሜሪላንድ ታርጋ የያዘ አባት ልጁን ለማይገባ ጥያቄ ይዳርጋል። ግሪን ካርድ ያለው ከዜጋ እኩል ይታያል፤ በተማሪ ቪዛ (ኤፍ-1) የመጣ ግን የቱንም ያህል ቢኖር አይቆጠርለትም።

ሜሰን ከገባችሁ በኋላ ከ12 እስከ 16 ክሬዲት ክፍያው አንድ ነው። 12 ብቻ የሚወስድ ልጅ በየሴሚስተሩ እስከ 4 ክሬዲት ያህል የተከፈለበትን ወንበር ባዶ ይተዋል፣ መመረቂያውም ይገፋል፤ ለዲግሪ 120 ስለሚያስፈልግ 15 ተገቢው ነው። ኢንጂነሪንግና ኮምፒውቲንግ ከመደበኛው በላይ ተጨማሪ እንደሚያስከፍሉ ብዙ ወላጅ የሚያውቀው ቢሉ ሲመጣ ነው።

መኪና ማቆሚያው ውድ ነው። የሜትሮ ባቡሩን ኦሬንጅ ላይን ይዞ ቪየና መውረድ፣ ከዚያ የፌርፋክስ ከተማን ኪው አውቶቡስ መያዝ ይቻላል፤ አውቶቡሱ አያስከፍልም። የማታ ክፍል ያለው ልጅ ግን የመጨረሻውን አውቶቡስ ሰዓት ከመመዝገቡ በፊት ይይ።