ፕሮሶሎ የኦክስጅን መለኪያ፦ በረዶ ለሸፈነው ሐይቅ ያዋጣል?

ሚኒሶታ ውስጥ በረዶው ሲቀልጥ ዓሣ ሞቶ ሲንሳፈፍ ያየ ሰው ቀድሞ የሚጠረጥረው መርዝ ነው። ጥልቀት በሌላቸው ሐይቆች ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው የኦክስጅን እጥረት ነው። በረዶው ውሃውን ከአየር ይለየዋል፤ በላዩ የሚከመረው ስኖው ብርሃን ስለሚከለክል አልጌና አረም ኦክስጅን መሥራት ያቆማሉ፤ ደለሉ ውስጥ የሚበሰብሰው ቅጠል ደግሞ የቀረውን ይጨርሰዋል።

ይህን ቀድሞ ለማወቅ መለካት ያስፈልጋል። ዋይ ኤስ አይ የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ፕሮሶሎ በኦፕቲካል፣ ማለትም በብርሃን በሚለካ ሴንሰር ይሠራል፤ ለበረዶ ሥራ ትልቁ ብልጫው ይኸው ነው። ባለ ሜምብሬኑ (ባለ ስስ ሽፋኑ) የቆየ ዓይነት ኦክስጅኑን ራሱ ስለሚበላ፣ ሴንሰሩን ሳያቋርጡ ካላወዛወዙት ከእውነቱ ያነሰ ቁጥር ያወጣል። በጠባብ ቀዳዳ ላይ ተንበርክኮ ይህን ማድረግ ቅጣት ነው። ኦፕቲካሉን ግን አውርዶ ቁጥሩ እስኪረጋ አንድ ደቂቃ ያህል መጠበቅ በቂ ነው።

ካሊብሬሽኑን፣ ማለትም መለኪያውን ትክክል የማድረጉን ሥራ፣ ቤት ጨርሱ። የማስቀመጫውን ስፖንጅ አርጥቡ፣ የሴንሰሩን ጫፍ ከጠብታ አድርቁና አስገቡት፤ ሙቀቱ ሲረጋ 100 በመቶ ላይ አስተካክሉ። የአየር ግፊቱን መሣሪያው ራሱ ያነባል።

ጥርት ያለው በረዶ ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር ካልሆነ አትውጡበት። ቀዳዳውን ሰርስሮ ወዲያው መለካት ያሳስታል፤ መሰርሰሪያው የናጠው ውሃ አየር ይዟልና ጥቂት ቆዩ። ከዚያ በየግማሽ ሜትሩ አውርዱ፤ ከወለሉ ግማሽ ሜትር ሲቀር አቁሙ። ሴንሰሩ ጭቃ ከነካ ዜሮ አካባቢ ያሳያል፣ ያለ ምክንያት ያስደነግጣል። ኦክስጅን ማለቅ የሚጀምረው ከታች ስለሆነ ከበረዶው ሥር ብቻ የተወሰደ ንባብ ብዙም አይረባም።

0 ዲግሪ ላይ ያለ ውሃ በሊትር እስከ 14.6 ሚሊግራም ይይዛል። ከ3 በታች ሲወርድ ባስና ብሉጊል የተባሉት ዓሦች አደጋ ላይ ናቸው፤ ወደ 1 ሲጠጋ እንደ ቡልሄድና ኖርዘርን ፓይክ ያሉ ጥቂት ዓይነቶች ብቻ ሊተርፉ ይችላሉ። በየሳምንቱ አንድ ቦታ እየለካችሁ አወራረዱን ተከታተሉ፤ የአንድ ቀን ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። ኦክስጅኑ ካለቀ በኋላ ከወለሉ አየር የሚነፋ ማሽን ማስነሳት ደለሉን አናውጦ ሞቱን ሊያፋጥነው ይችላል። በሕዝብ ሐይቅ ላይ ማሽኑን ለመትከል የሚኒሶታ ክልል ፈቃድና የ«ስስ በረዶ» ምልክትም ግድ ነው።

እንከኑስ? ዋጋው ከሺህ ዶላር በላይ ነው። የሴንሰሩ ቆብ ከደረቀ አንድ ቀን ሙሉ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ አለበት፤ ጊዜው ሲያልፍም ይቀየራል። ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ስትሄዱ የሴንሰሩ መከላከያ ላይ በረዶ ይጋገራል፤ በምስማር አትፈልፍሉት፣ ውሃው ውስጥ መልሳችሁ ንከሩት። ጥልቀት ለሌለው ሐይቅ ባለ 4 ሜትር ገመድ ይበቃል፣ ረጅሙ ሸክም ነው። አንዲት ትንሽ ኩሬ ብቻ ላለው ሰው ግን በኬሚካል ጠብታ የሚሠራው ርካሽ ኪት ያዋጣዋል፤ ናሙናውን ከጥልቁ ያለ አረፋ እስከቀዳ ድረስ።